ድልድዩን ትቶ

በሊዬዥ ከተማ፣ በኅዳር፣ ሐሙስ ማታ፣
ዝናቡ ከጠዋት ሳይሰጠን ፋታ፣
ሞዝ ወንዝ ዳር ካለች ጠባብ ምድር ቤት
እርጥብ ካፖርት ሁሉ ተሰቅሎ ከበሩ ፊት፣
ጊስላን መጣ።
ሻንጣውን ከፈተ፤ ጊታሩን አወጣ፤
«እንዴት አመሻችሁ» ሳይል መብራቱን ተቆጣ፦
«ዝቅ አድርጉት ይህን! ጥርሴን ላስነቅል አይደለም የመጣሁ።»

ሠላሳ አንድ ዓመት እቶን ፊት የቆመ፣
ከግራ እጁ ሁለት ጣት ለማሽን የሸለመ፣
እቶኑ ሲዘጋ በካሳው ገንዘብ ጊታር ገዝቶ፣
በትንሿ ጣቱ የቧንቧ ቁራጭ ሰክቶ፣
ክር ላይ የሚያንሸራትት፣ አንድ ዓይኑን ዘግቶ።

የሚያውቀው ብሉዝ ነው፤ ሦስት ጣቢያ ያለው መንገድ፤
ወጣ ማለት፣ ትንሽ መቆም፣ ደግሞ ወደ ቤት መውረድ።
ያን ማታ ያነሣው ግን የጃዝ ሰዎችን ዜማ ነው፤
ከአያቶቻቸው ዘመን የቆየ፣ ፒያኖ የነካ ሁሉ የሚያውቀው፤
ሐር ለብሶ የኖረ፣ ጭቃ ረግጦ የማያውቅ፣
ኮርዱ በኮርድ ላይ እንደ ሠርገኛ መኪና የሚጨናነቅ።
እኔ ብርጭቆ አጣቢ ነኝ፣ ከባንኮኒው ኋላ፤
የኮንሰርቫቶሪው ልጆች ሲጋልቡት ሰምቻለሁ፣ አንዱ ሲወርድ ሲተካ ሌላ።

ጊስላን ከፈረሱ አወረደው።
ሐሩን ገፎ ቱታ አለበሰው፤
ቀስ አድርጎ አስነሣው፣ የሌሊት ፈረቃ እንደሚገባ ሰው፣
ምሳ ዕቃውን ታቅፎ፣ ዘበኛውን በአንገት ብቻ ሰላም እንደሚለው።
ሌሎቹ የሚዘሉትን ደረጃ እሱ አንድ በአንድ ወጣው፤
አንዲቷን ድምፅ ደግሞ፣ ሦስተኛዋን፣ ከቦታዋ ትንሽ ዝቅ አድርጎ አመጣት፤
ልክ አልነበረችም። ልክ ባትሆንም ግን
ዘይት ያጣ የበር ማጠፊያ እንደሚለው ያለ፣ ቤቱን የሚያውቅ ድምፅ ነበራት።

ይህ ዜማ መካከሉ ላይ ድልድይ አለው፤ ሙዚቀኞች እንዲያ ይሉታል፤
አራት ምት ስምንት ጊዜ ይረገጣል፣ ከዚያ ማዶ ያደርሳል።
ጣት የሚያጣምሙት ኮርዶች ሁሉ እዚያ ላይ ናቸው፤
የተጫዋች ላብ የሚታየውም እዚያው ነው።
ጊስላን ድልድዩ አፋፍ ሲደርስ እጁን ከክሩ አነሣ።

ዝም።

በተረከዙ ብቻ ሳንቃውን ይመታል፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፤
ደግሞ አንድ፣ ሁለት፤ የሚያስቸኩለው የለ፣ የሚፈራው ዝምታም የለበት።
ከላይ፣ መንገዱ ላይ፣ አውቶቡስ ሲያልፍ ኩሬ ሲሰነጠቅ ሰማሁ፤
በእጄ የያዝኩትን ብርጭቆ ማድረቄን ረሳሁ።
ከፊት የተቀመጡት ማዳም ኦዲል፣ የጓንት ሱቅ የነበራቸው፣
አንዲት ቃል ሳይወጣቸው ተንቀሳቀሰ ከንፈራቸው፤
ከጥግ አንድ ሰው በአፍንጫው አንጎራጎረ፣
ሌላው በጣቱ ጠረጴዛ ላይ ሞከረ፤
ያ ያልተመታ ዜማ በየሰዉ ደረት ተዘረጋ፣
ለአንዱ ከእንጨት፣ ለአንዱ ከገመድ፤ የኔማ ገና ከመሃሉ ተናጋ፤
ብቻ እንደምንም ተሻገርን።
ማዶ ጊስላን ይጠብቀናል፤ ቧንቧዋን ክሩ ላይ ጣላት፤
አንዲት ረጅም ድምፅ፣ ሁላችንን ቆጥራ እስክታስገባ ድረስ አልዘጋት።

ሲያልቅ ጭብጨባው ዘገየ። ካፖርቶቹ ገና ይንጠባጠባሉ።

«ድልድዩን ለምን ተዉት?» አልኩት፣ ቢራውን ሳስቀምጥለት፤
ምሥጢር ሊነግረኝ መስሎኝ ወንበር ስቤ ተጠጋሁት።
ግራ እጁን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ።
«ቁጠር» አለኝ። ቆጠርኩ።
«ኮርዶቹ አምስት ይላሉ፤ ሦስት ነው ያለኝ።
ፍልስፍና አታድርግብኝ ልጄ። ይልቅ ሰናፍጩን አቀብለኝ።»

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ቤቱን ዘግቼ ወጣሁ።
ዝናቡ ቆሟል። ወንዙ እንደ ሞላ ነው። ድልድዩ ላይ ማንም የለም።
ያቺን የተዋትን ክፍል ላዜማት ሞከርኩ፤
መቶ ጊዜ ሰምቻታለሁ፣ አትጠፋኝም ብዬ።
ሃያኛው ምት ላይ ጠፋችኝ።
ትንሽ ቆምኩ፤ ውሃው ላይ የተኛውን መብራት አየሁ።
የቀረውን በጫማዬ ጨረስኩት።